ከሩቅ የተላከው ቀሚስ፦ በዚህ ዒድ አዛውንቶቻችንን እንዴት እንዘይር?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ምስጋና ሁሉ ለአላህ የተገባ ነው። የአላህ ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ውድ ወንድሞችና እህቶች! ዛሬ የ1441 ሒጅሪያ ረመዷን የመጨረሻው ጁሙዓ ነው። ዒዱ ነገ ካልሆነ ከነገ ወዲያ ነው። በሌላ ዓመት ቢሆን በዚህ ሰዓት ስለ ዒድ ልብስ፣ ስለ ስታዲየሙ ሶላት፣ የማንን ቤት ቀድመን እንደምንዘይር እናወራ ነበር። ዘንድሮ ተራዊሕን በየቤታችን ሰገድን፤ የዒድ ሶላታችንንም በየቤታችን ልንሰግድ ነው። በሀገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም፣ በዕለተ ጁሙዓ ነበር። ከዚያ ወዲህ ይህ አሥረኛው ጁሙዓ ነው።

በእነዚህ ሳምንታት ስለ እጅ መታጠብ፣ ስለ ማስክና ስለ ርቀት ብዙ ተብሏል። ዛሬ ግን «ከቤት አትውጡ» ብለን ቤታቸው ስላስቀመጥናቸው እናቶችና አባቶች፣ አያቶችና ጎረቤቶች እንነጋገር። አስቀመጥናቸው፤ ደግ አደረግን። ከዚያስ?

የአርባ ሰከንድ ስልክ

ከራሴ ጥፋት ልጀምር። አያቴ ደሴ ነው የምትኖረው። ዕድሜዋ ከሰባ አልፏል፤ ስኳርም አለባት። ቤቷ ሰው የማይጠፋበት ቤት ነው። ከዙህር በኋላ ቡናዋን ታፈላለች፤ ጎረቤቶቿ ይሰበሰባሉ፤ አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው እስኪወጣ ድረስ የታመመው፣ የወለደችው፣ የተጣላው ሁሉ ይነሳል፤ በመጨረሻ እጅ ተዘርግቶ ዱዓ ይደረጋል።

በሽታው መግባቱ እንደተሰማ ደወልኩላትና «ከዛሬ ጀምሮ ማንንም ቤት እንዳታስገቢ፤ ቡናውም ይቅር፤ አንቺም ጎረቤት አትሂጂ» አልኳት። «እሺ ልጄ፣ አብሽር» አለችኝ። ከዚያ በኋላ በየሁለት በየሦስት ቀኑ እደውላለሁ። መጀመሪያ ስለ እጅ መታጠብ የሚናገረው የቴሌ መልእክት ይሰማል፤ ከዚያ ታነሳለች። ደህና ነሽ? አልሐምዱሊላህ። አልወጣሽም አይደል? አልወጣሁም። የጎደለ ነገር አለ? ምንም። በይ ደህና ሁኚ። አንድ ቀን ስልኬ ላይ የጥሪዎቹን ዝርዝር ሳየው አብዛኞቹ አርባ ሰከንድ እንኳን አይሞሉም።

በሻዕባን መጨረሻ ላይ የጎረቤቷ ልጅ ደወለችልኝ። «አያትህ ደህና ናት፤ አትደንግጥ። ግን በመስኮት አያታለሁ፤ ከዙህር በኋላ ሲኒዎቹን ታወጣለች፤ ለሁላችንም እንደሚበቃ አድርጋ ትደረድራለች፤ ትንሽ ቁጭ ትላለች፤ ከዚያ ቡና ሳታፈላ ሲኒዎቹን አጥባ ትመልሳቸዋለች። በየቀኑ እንዲህ ናት» አለችኝ።

ያን ቀን ምን እንዳደረግኩ ገባኝ። በሩን ዘጋሁባት፤ በተዘጋው በር ፈንታ ግን ሌላ በር አልከፈትኩላትም።

መራቁ ራሱ ከዲናችን ነው

አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። በሩን መዝጋቱ ስሕተት አልነበረም። የዓለም የጤና ድርጅትም ሐኪሞቻችንም ደጋግመው እንደነገሩን ይህ በሽታ በዕድሜ በገፉትና የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የልብና የሳንባ ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ ይበረታል። «እኛ በአላህ እንመካለን» ብሎ በዒድ ቀን ተሰብስቦ አያት ቤት መግባት ተወኩል አይባልም።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ወረርሽኝ ወደገባበት ሀገር እንዳንገባ፣ ያለንበት ሀገር ከገባም ሸሽተን እንዳንወጣ አዘውናል። ሐዲሱ ቡኻሪና ሙስሊም ዘንድ ይገኛል። ዑመር (ረ.ዐ) ወደ ሻም እየተጓዘ ሰርግ ከምትባለው ስፍራ ሲደርስ ሻም ውስጥ ወረርሽኝ መግባቱን ሰማ፤ ሰሓቦችን አማክሮ ለመመለስ ወሰነ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ) ከአላህ ቀደር መሸሽ አይሆንም ወይ ብሎ ሲጠይቀው ከአንዱ የአላህ ቀደር ወደ ሌላው የአላህ ቀደር መሄዳቸው እንደሆነ ነገረው። በኋላም ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ) መጥቶ ይህንኑ ሐዲስ ከነቢዩ መስማቱን ሲመሰክር ዑመር አላህን አመሰገነ።

ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) ደግሞ ዝናብ በበረታበት የጁሙዓ ቀን ሙአዚኑ በአዛኑ ውስጥ «ወደ ሶላት ኑ» በሚለው ፈንታ ሰዎች በየቤታቸው እንዲሰግዱ እንዲጠራ አዞታል። ሰዎች ሲገረሙ ከእርሱ የሚበልጡት፣ ማለትም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ)፣ እንዲህ ማድረጋቸውን ነገራቸው። ጭቃና ዝናብ ጁሙዓን በቤት ካሰገደ የሰው ነፍስ የሚያጠፋ በሽታማ ይበልጥ ምክንያት ይሆናል።

ስለዚህ አካላችንን ማራቃችን ዒባዳ ነው፤ በእርሱም አጅር እናገኝበታለን ኢንሻአላህ። ነገር ግን አካል ሲርቅ ልብም አብሮት እንዲርቅ ያዘዘን የለም። የዓለም የጤና ድርጅት እንኳን በዚሁ በመጋቢት ወር «ማኅበራዊ መራራቅ» ከሚለው አባባል ይልቅ «አካላዊ መራራቅ» የሚለውን መጠቀም የጀመረው ለዚህ ነው። እኛ ሙስሊሞች ደግሞ ይህንን የምንማርበት የራሳችን ቁርአንና ሱና አለን።

«አንተ ዘንድ» የሚለው ቃል

በሱረቱል ኢስራእ አንቀጽ 23 እና 24 አላህ (ሱ.ወ) እርሱን ብቻ እንድናመልክ ካዘዘ በኋላ ወዲያው ወደ ወላጆች ተሻገረ። ከሁለቱ አንዳቸው ወይም ሁለቱም ለእርጅና ሲደርሱ «ኡፍ» እንኳን እንዳንላቸው፣ እንዳንገላምጣቸው፣ የክብር ንግግር እንድናናግራቸው፣ የእዝነትን ክንፍ ዝቅ እንድናደርግላቸው፣ በልጅነታችን እንዳሳደጉን እንዲያዝንላቸውም ዱዓ እንድናደርግላቸው አዘዘን።

እዚያ አንቀጽ ውስጥ «ዒንደከ» የምትል ቃል አለች፤ «አንተ ዘንድ» ማለት ነው። ለእርጅና ሲደርሱ አንተ ዘንድ ናቸው። ትናንት አንተ እነርሱ ዘንድ ነበርክ፤ ዛሬ ነገሩ ተገላብጧል። አንድ ቤት መኖር ላይቻል ይችላል፤ አንተ አዲስ አበባ፣ እርሷ ደሴ ልትሆን ትችላለች። ቢሆንም ጉዳያቸው፣ ደስታቸውና ብቸኝነታቸው «አንተ ዘንድ» ነው፤ ከአንተ እጅ አልወጣም። መንገድ ሲዘጋ ግዴታው አብሮ አይዘጋም።

ታዲያ እንዴት? ከነቢያት ሕይወት አራት ትምህርቶችን እንውሰድ።

አንደኛ፦ ማን እንደጎደለ እናስተውል

በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን መስጂዱን ትጠርግ የነበረች አንዲት ሴት ነበረች። ሞተች፤ ሰሓቦችም ጉዳይዋን እንደ ትልቅ ነገር ስላልቆጠሩት ሳይነግሯቸው ቀበሯት። ነቢዩ ግን አጧት፤ ጠየቁም። መሞቷን ሲሰሙ ለምን እንዳልነገሯቸው ወቀሷቸው፤ መቃብሯን እንዲያሳዩአቸው አድርገው ሄደው ሰገዱባት። ታሪኩ ቡኻሪና ሙስሊም ዘንድ ተዘግቧል።

አስተውሉ፤ የአንድ ኡመት መሪ መጥረጊያ የያዘችውን ሴት መቅረት አስተዋሉ። እኛስ? በመስጂዳችን የመጀመሪያው ሰፍ ላይ ሁሌም አንድ ቦታ የሚይዙ አባት ነበሩ፤ ምርኩዛቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ ከአዛን በፊት ደርሰው የሚጠብቁ። ጫማችንን የሚያስተካክሉልን፣ ሕፃናቱን ከረሜላ ሰጥተው ዝም የሚያሰኙ። መስጂዱ ከተዘጋ ወዲህ እኒያ አባት የት ናቸው? ስልካቸውን የያዘ አለ? ቤታቸውንስ የሚያውቅ?

ለእኛ ወጣቶች መስጂድ ሲዘጋ ጀማዓ ሶላት ቀረብን፤ ጓደኞቻችን ግን በቴሌግራም አሉ። ለእርሳቸው ግን ጀማዓውም፣ ጓደኛውም፣ ወሬውም፣ በቀን አምስት ጊዜ ከቤት የሚወጡበት ምክንያትም መስጂዱ ነበር። ሲዘጋ ሁሉም በአንድ ቀን ተዘጋባቸው።

ሁለተኛ፦ እነርሱ እንዲመጡ አንጠብቅ

መካ በተከፈተችበት ዓመት አቡበክር (ረ.ዐ) አባቱን አቡ ቁሓፋን ይዞ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጣ። አቡ ቁሓፋ በጣም አርጅተው ነበር፤ ዓይናቸው አያይም፤ ፀጉራቸውም ሙሉ በሙሉ ነጥቷል። ነቢዩ ሲያዩአቸው ሽማግሌው ቤታቸው ቢቆዩና እርሳቸው ራሳቸው ቢሄዱላቸው ይመርጡ እንደነበር ለአቡበክር ነገሩት። ከዚያም ከፊታቸው አስቀምጠው ደረታቸውን አበሱላቸው፤ ወደ ኢስላም ጠሯቸው፤ አቡ ቁሓፋም ሰለሙ። ኢማም አሕመድ ይህንን ከአቡበክር ልጅ ከአስማእ (ረ.ዐ) ዘግበውታል።

መካን የከፈቱ ነቢይ ወደ አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ቤት መሄድን ይመርጡ ነበር። ስለዚህ «ከፈለጉ ራሳቸው ይደውሉ ነበር» አንበል። ብዙ አዛውንቶች አይደውሉም። ካርድ የላቸውም፤ ወይም ቁጥር መፈለግ ያስቸግራቸዋል፤ ወይም ደግሞ «ልጆቹ ሥራ ላይ ናቸው፤ አላስቸግራቸው» ይላሉ። «ምንም አልጎደለኝም» የሚለው መልሳቸውም ብዙ ጊዜ የይሉኝታ ነው። አያቴ የጎደላት ቡና ወይም ስኳር አልነበረም፤ የጎደላት ሰው ነበር፤ እሱን ደግሞ ማን ደፍሮ «ላክልኝ» ይላል?

ሦስተኛ፦ መሄድ ካልቻልን ቀሚሳችንን እንላክ

የነቢዩላህ የዕቁብን (ዐ.ሰ) ታሪክ ሁላችንም እናውቃለን። ልጁን ዩሱፍን (ዐ.ሰ) አጥቶ በሐዘን ብዛት ዓይኖቹ ነጡ። ልጅ ናፍቆ የተቀመጠ ሽማግሌ ሐዘን ምን ያህል እንደሚከብድ ቁርአን ራሱ መስክሯል። ዩሱፍ ደግሞ በዚያ የድርቅ ዘመን የግብፅን የእህል ግምጃ ቤት ኃላፊነት ተሸክሞ ሩቅ ሀገር ነበር። ወንድሞቹ ካወቁት በኋላ መጀመሪያ ያደረገው ቀሚሱን ለአባቱ መላክ ነው፤ ፊቱ ላይ እንዲጥሉለትና ዓይኑ እንዲመለስለት።

ሱረቱ ዩሱፍ አንቀጽ 94 ላይ የሆነውን ተመልከቱ። ቅፍለቱ ገና ከመነሳቱ ሽማግሌው አባት በሩቅ ሆኖ የዩሱፍን ሽታ እንዳገኘ ተናገረ፤ ጃጅቷል ካላሉት በስተቀር። አጠገቡ የነበሩት ግን አሁንም በድሮው ስሕተቱ ላይ እንዳለ አድርገው መለሱለት። እውነቱን ያየው ሽማግሌው ነበር፤ ያልገባቸው እነርሱ ነበሩ። ቀሚሱ ሲደርስና ፊቱ ላይ ሲያርፍ የዓይኑ ብርሃን ተመለሰ።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ ራስህ መድረስ በማትችልበት ጊዜ አንተን አንተን የሚሸት ነገር ላክ። ድምፅህ፣ ፎቶህ፣ የልጅህ ሳቅ፣ የምትቀራው ቁርአን፣ በእጅህ የጻፍከው ወረቀት፣ በሰው የተላከ አንድ ሳህን ሳምቡሳ የአንተ ቀሚስ ነው። ብር መላክ ጥሩ ነው፤ ግዴታም የሚሆንበት ጊዜ አለ። ብቻውን ሲሆን ግን የማንም ሽታ የለውም።

ሁለተኛው፣ አዛውንት ሲናገር «ጃጅተዋል» አንበል። አንዱን ታሪክ ሦስት ጊዜ ቢነግሩህ ሦስት ጊዜ ስማ። በሕልማቸው ያዩትን፣ የናፈቁትን፣ የፈሩትን ሲነግሩህ አታቋርጥ።

ይህንንም ልብ በሉ፤ ቀሚሱ የመገናኘት መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አልነበረም። በኋላ የዕቁብ ከነቤተሰቡ ግብፅ ገባ፤ ዩሱፍም ወላጆቹን ወደ ራሱ አቀረበ፤ ዙፋኑ ላይም አወጣቸው። ስልካችንም እንዲሁ ነው። መንገዱ ሲከፈትና ሐኪሞች ሲፈቅዱ በስልክ ለመድንባቸው ሁሉ በእግራችን ሄደን መግባት ይኖርብናል።

አራተኛ፦ ከእነርሱ አንድ ነገር እንጠይቅ

ይህ ብዙዎቻችን የምንረሳው ነው። ስንደውል ሁሌም ሰጪዎች እኛ ነን፤ እንጠይቃለን፣ እንመክራለን፣ እናስጠነቅቃለን። አዛውንቱ ደግሞ ሁሌም ተቀባይ ይሆናል። ዕድሜውን ሙሉ ሲመክር፣ ሲያስታርቅ፣ ዱዓ ሲያደርግ የኖረ ሰው በአንድ ቀን «የሚጠበቅ ዕቃ» ሆነ ማለት ነው። ብቻውን ከመሆኑ በላይ የሚጎዳው ከእንግዲህ ለማንም እንደማይጠቅም ሲሰማው ነው።

በዑመር (ረ.ዐ) ዘመን ድርቅ በገባ ጊዜ ኸሊፋው የነቢዩን አጎት ዐባስን (ረ.ዐ) ዝናብ እንዲለምኑላቸው ያስቀድሟቸው እንደነበር ቡኻሪ ዘግበዋል። ያ ኸሊፋ ጦርና ግምጃ ቤት ነበረው፤ በችግር ቀን ግን ወደ ሽማግሌ ዱዓ ሄደ። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ) የምንረዳውና ሲሳይ የምናገኘው በደካሞቻችን ምክንያት መሆኑን ነግረውናል። እነዚህ ደካሞች ዛሬ በየቤቱ ተቀምጠዋል፤ ዱዓቸውን የጠየቀ ግን ስንት ነው?

ወደ አያቴ ልመለስ። ከጎረቤቷ ልጅ ስልክ በኋላ ሌላ ዓይነት ስልክ ደወልኩ። «አልወጣሽም አይደል?» ማለቱን ተውኩና «እማዬ፣ ልጅ ሆኜ ሲያተኩሰኝ ራሴ ላይ እጅሽን አድርገሽ የምትቀሪው ምን ነበር?» አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ ሳቀች። ቀራችልኝ፤ ፋቲሓ፣ ኢኽላስ፣ ፈለቅ፣ ናስ። ቀጥላም ትኩሳቱ የያዘኝ በየትኛው ክረምት እንደሆነ፣ አያቴ በሌሊት በቅሎ ፈልገው እንዴት ሐኪም ቤት እንዳደረሱኝ ነገረችኝ። ይህንን ታሪክ በሕይወቴ ሰምቼው አላውቅም። በመጨረሻ «እንግዲህ ለአንተም ለጓደኞችህም በየሌሊቱ እቀራላችኋለሁ፤ ስማቸውን ንገረኝ» አለች። ሠላሳ ደቂቃ አልፎ ነበር።

አሁን ከተራዊሕ በኋላ የምትጠብቀኝ እርሷ ናት። የጓደኞቼን ስም በቃሏ ይዛለች፤ «ያ ሥራ የፈታው ልጅ ምን ደረሰ?» ትለኛለች። ሥራ አገኘች ማለት ነው፤ የእኛ ዱዓ አድራጊ ሆነች። ሲኒዎቹ አሁንም ይወጡ እንደሆነ የጎረቤቷን ልጅ ጠይቄያት ነበር። «ከፉጡር በኋላ ለራሷ ታፈላለች፤ እኛም በየቤታችን እናፈላና በመስኮት በረካ እንባባላለን» አለችኝ። አልሐምዱሊላህ።

በዚህ ዒድ ምን እናድርግ?

1. ዛሬ ከዐስር እስከ መግሪብ ባለው ጊዜ ሦስት ስም እንጻፍ። አንዱ ከዘመድ፣ አንዱ ከጎረቤት፣ አንዱ ከመስጂድ። ቢቻል ልጅ የሌላቸውን ወይም ብቻቸውን የሚኖሩትን እናስቀድም። ቁጥራቸው ከሌለን ከኢማሙ ወይም ከሙአዚኑ እንጠይቅ።

2. የዒድን ጠዋት ለእነርሱ እንስጥ። ቤታችን ሰግደን እንደጨረስን ከጓደኛ በፊት ለአዛውንት እንደውል። ተክቢራውን በስልክ አብረን እንበል። ቤተሰቡ በተለያየ ቦታ ከሆነ ተራ አውጥተን እንደውል፤ ሁሉም በአንድ ሰዓት ደውሎ የቀረው ቀን ጭር እንዳይል።

3. ቀንና ሰዓት ቁረጡላቸው። «እደውላለሁ» ከማለት «ሰኞና ሐሙስ ከዒሻ በኋላ እደውላለሁ» ማለት ይሻላል። የሚጠበቅ ስልክ ያለው ሰው ቀኑ መልክ አለው። ቀጠሮውን ግን አታፍርሱ፤ የተሰበረ ቀጠሮ ካለመቀጠር ይከፋል።

4. ካርድ ላኩላቸው። «ሲከፋሽ ሚስድ ኮል አድርጊልኝ፤ እኔ መልሼ እደውላለሁ» በሏቸው። ስልኩ ላይ የእናንተን ቁጥር የሚያውቁት አንድ ቁልፍ ላይ አስቀምጡላቸው፤ ወይም በትልቁ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ በጎረቤት ልጅ በኩል አስለጥፉላቸው።

5. ጆሯቸው የከበደ እንደሆነ ቀስ ብላችሁ፣ አጭር አጭር አድርጋችሁ ተናገሩ። መጮኽ ቃሉን ያበላሸዋል። ስልክ ለማይሰሙት ደግሞ ቪዲዮ ወይም በበር በኩል ራቅ ብሎ መታየት ይጠቅማል።

6. ልጃቸው ዐረብ ሀገር ያለችባቸውን እናቶች አስታውሱ። ሳዑዲ፣ ኤምሬትስ ወይም ኩዌት ያለች ልጅ በኢሞ ካልሆነ አትገኝም፤ እናትየው ደግሞ የቁልፍ ስልክ ነው ያላት። አንተ ስማርት ስልክ ይዘሃል። ስልክህን ጠርገህ፣ ማስክ አድርገህ፣ በር ላይ አስቀምጠህ ራቅ በል፤ እናትና ልጅ ይተያዩ። የሩብ ሰዓት ዳታ ነው ያወጣኸው፤ አጅሩን ግን አላህ ነው የሚያውቀው።

7. ዘካተል ፊጥርን ስታደርሱ አስቀምጣችሁ አትሩጡ። ከዒድ ሶላት በፊት ለሚገባው አዛውንት ስታደርሱ ሁለት ሜትር ያህል ራቅ ብላችሁ ቁሙ፤ ሰላም በሉ፤ በስማቸው ጥሯቸው፤ «ለእኛም ዱዓ ያድርጉልን» በሏቸው። እህሉ ለአካላቸው፣ ያቺ ሁለት ደቂቃ ለልባቸው ናት።

8. እጃቸውን ወይም ጉልበታቸውን ለመሳም አትጠጉ፤ እነርሱም ሊስሟችሁ ቢዘረጉ በጥፊ እንደመታችኋቸው አታፈግፍጉ። አስቀድማችሁ ፈገግ ብላችሁ እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አድርጉና «ዘንድሮ ስለምንወድዎት ነው የራቅነው፤ ዕዳው ይቆየን» በሏቸው። ክብር ሲነገር ርቀት አያስቀይምም።

9. ፌስቡክ ላይ ያየነውን ሁሉ አናውራላቸው። ብቻውን የተቀመጠ ሰው የሰማውን ወሬ ሌሊቱን ሙሉ ይዞት ያድራል። የሚጠቅመውን መመሪያ በአጭሩ ንገሯቸው፤ ትኩሳት፣ ሳል ወይም የመተንፈስ ችግር ካለባቸው ወደ 8335 ደውሉላቸው፤ ከዚያ ወሬውን ወደ ልጅነታቸው፣ ወደ ሰፈራቸው፣ ወደ መጀመሪያው ረመዷናቸው መልሱት።

10. የሚያውቁትን አስቀሩ። አያትህ የምታውቀውን መንዙማ፣ አባትህ ቁርአን የቀራበትን ሸይኽ ታሪክ፣ የእናትህን የሾርባ አሠራር ጠይቅ፤ ፈቃዳቸውን ጠይቀህም ቅዳው። እነርሱ አስተማሪ፣ አንተ ተማሪ ትሆናለህ።

ያመለጠንስ?

ይህንን እያነበበ ልቡ የተሰበረ ይኖራል። «እኔ ሳልደውል አያቴ ሞተች»፣ «ቀብሯ ላይ እንኳን አልደረስኩም» የሚል። ወንድሜ፣ እህቴ፣ በሩ አልተዘጋም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ለዚያች መስጂድ ጠራጊ ሴት የደረሱት ከተቀበረች በኋላ ነው፤ ደረሱ ግን። ዱዓ አድርግላት፣ ኢስቲግፋር አድርግላት፣ በስሟ ሶደቃ አውጣ።

ሌላም መንገድ አለ። ዐብዱላህ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) በመካ መንገድ ላይ አንድ የገጠር ሰው አገኘ፤ የሚጋልባትን አህያና የራሱን ጥምጣም አውልቆ ሰጠው። ባልደረቦቹ ሲገረሙ የዚያ ሰው አባት የአባቱ የዑመር ወዳጅ እንደነበረ ነገራቸው፤ ከበጎነት ሁሉ ትልቁ ልጅ ለአባቱ ወዳጆች ቤተሰብ የሚያደርገው ደግነት መሆኑንም ከነቢዩ መስማቱን ነገራቸው። ሙስሊም ዘግበውታል። የአያትህ ቡና አጣጪዎች ዛሬም በሕይወት አሉ። ለእነርሱ ደውል።

መስጂዱ የተከፈተ ቀን

ኢንሻአላህ ይህ በሽታ ያልፋል። አንድ ጁሙዓ መስጂዶቻችን ይከፈታሉ፤ እየሮጥን እንገባለን። ያን ቀን የመጀመሪያውን ሰፍ እንመልከት። ምርኩዙ ግድግዳው ላይ ተደግፎ እናገኘው ይሆን? እኒያ አባት ተመልሰው ሲመጡ «ረሱኝ» ብለው ነው ወይስ «ልጆቼ አልተለዩኝም» ብለው ነው የሚገቡት? ይህ የሚወሰነው መስጂዱ በተከፈተ ቀን ሳይሆን ዛሬ ነው፤ መስጂዱ ተዘግቶ ስልካችን ግን በእጃችን ባለበት በዚህ ጁሙዓ።

እኛም ዕድሜ ከሰጠን እናረጃለን። ያኔ ጆሯችን ሲከብድና ጓደኞቻችን ሲያልቁ የሚደውልልን ልጅ ዛሬ እኛ ስንደውል እያየ የሚያድገው ነው።

ይህንን ጽሑፍ አንብባችሁ ስትጨርሱ ላይክ ከማድረጋችሁ በፊት ለአንድ አዛውንት ደውሉ። ምን ብላችሁ እንደምትጀምሩ ከጨነቃችሁ «ዱዓ እንዲያደርጉልኝ ብዬ ነው የደወልኩት» በሉ። ቀሪውን እነርሱ ያውቁበታል።

አላህ ሆይ! ወላጆቻችንንና አያቶቻችንን በጤናና በዒባዳ ላይ አቆይልን። በልጅነታችን እንዳሳደጉን አንተም እዘንላቸው። ብቻቸውን ያሉትን አንተ አጫውታቸው፤ የታመሙትን አሽርልን፤ የሞቱትን ማርልን። ይህንን በላእ ከሀገራችንና ከዓለም ሁሉ አንሳልን፤ መስጂዶቻችንንም በሰላም አስከፍተን። ጾማችንንና ቂያማችንን ተቀበለን። አሚን።

ሱረቱል ከህፍን መቅራትና በነቢያችን ላይ ሶለዋት ማብዛትን አትርሱ።

ወሰለላሁ ዐላ ነቢይና ሙሐመድ ወዐላ ኣሊሂ ወሰሕቢሂ ወሰለም።

ተቀበለላሁ ሚና ወሚንኩም። መልካም ዒድ!